የምልምል ወታደሮች ፀጉር አቆራረጥና በሥልጠና ላይ የሚታየው የፆታ ልዩነት፤ ከጤና አንጻር

መግቢያ

አንድ ወጣት የውትድርና ማሠልጠኛ በር በገባበት ዕለት፣ ገና የደንብ ልብስ ሳይለብስና መሣሪያ ሳይነካ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚገጥመው ፀጉር ቆራጭ ነው። በአሜሪካ የማሪን ጓድ ማሠልጠኛ በፓሪስ አይላንድ ወንድ ምልምሎች በገቡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፀጉራቸው እስከ ራስ ቆዳቸው ድረስ ይከረከማል፤ በሥልጠናው ወራትም ይኸው በየጊዜው ይደገማል። በዚያው ማሠልጠኛ በዚያው ቀን የገባች ሴት ምልምል ግን ፀጉሯ አይላጭም። ከአንገትጌዋ እንዳይወርድ አሳጥራ ወይም ጠቅልላ እንድትይዘው ብቻ ትታዘዛለች።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ፀጉር መከርከም ለጤና ይጠቅማል የሚባለውስ ምን ያህል እውነት ነው? ለጤና የሚጠቅም ከሆነ ሴቶቹ ስለምን ቀሩ? የማይጠቅም ከሆነስ ወንዶቹ ስለምን ይላጫሉ? ጥያቄዎቹ ቀላል ቢመስሉም መልሳቸው የጤና ባለሙያውን በቀጥታ ይመለከታል። በማሠልጠኛ ጣቢያ፣ በማረሚያ ቤት፣ በመጠለያ ካምፕና በአዳሪ ትምህርት ቤት ብዙ ሰዎች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ ልማድ ስላለ፣ የትኛው ልማድ በሽታን እንደሚከላከል፣ የትኛው ደግሞ ራሱ ጉዳት እንደሚያስከትል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ልማዱ ከየት መጣ?

የወታደር ፀጉር በየዘመኑና በየአገሩ አጭር ነበር ማለት አይቻልም። በአገራችን የጀግና ምልክት ሆኖ የኖረው አጭር ፀጉር ሳይሆን ጎፈሬና ሹሩባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው ይታወቃሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በዱር በገደሉ የተዋጉ አርበኞችም ፀጉራቸውን አሳድገው ይታዩ እንደነበር የዘመኑ ፎቶግራፎች ያሳያሉ። በአውሮፓም ቢሆን በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረው ወታደር ፀጉሩን አርዝሞ ከማጅራቱ ላይ እንደ ጅራት አስሮ፣ ቅባትና ዱቄት ነስንሶበት ይሄድ ነበር።

ይህ ልማድ የተለወጠው በቀላሉ አይደለም። በአሜሪካ ጦር ጄኔራል ጄምስ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1801 ጅራት ፀጉር እንዲቆረጥ ባዘዙ ጊዜ፣ ቶማስ በትለር የተባሉ አንጋፋ ኮሎኔል ትእዛዙን አልቀበልም በማለታቸው ለጦር ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ኮሎኔሉ እ.ኤ.አ. በ1805 እስኪሞቱ ድረስ ፀጉራቸውን አልቆረጡም። በእንግሊዝ ጦር ደግሞ ይኸው ጅራት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው።

አጭር ፀጉር የወታደር መለያ ሆኖ የጸናው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በምሽግ ውስጥ በጭቃና በእርጥበት የሚኖረው ሠራዊት በቅማል ተወረረ። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብልም በፊት ቆዳ ላይ በደንብ እንዲገጥም ጢም መላጨት ግድ ሆነ። ስለዚህ የራስ ፀጉርን መከርከምና ጢምን በየዕለቱ መላጨት የንጽሕና፣ የደኅንነትና የሥነ ሥርዓት ትእዛዝ ሆኖ በየማሠልጠኛው ተተከለ። በኋላም የሕዝብ ትርኢት እስከመሆን ደረሰ። ዝነኛው ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በማርች 1958 ለግዳጅ ውትድርና ተጠርቶ በአርካንሳስ በሚገኘው ፎርት ቻፊ ፀጉሩን ሲቆረጥ ፎቶ አንሺዎች ከብበውት ነበር።

ቅማል የሚኖረው የት ነው?

ለመከርከሙ የሚሰጠው የመጀመሪያው የጤና ምክንያት ቅማል ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ቁም ነገር አለ። በሰው ላይ ከሚገኙት ቅማሎች አንዱ የራስ ቅማል ሲሆን፣ በፀጉር ውስጥ ይኖራል፤ ቅጫሙንም በፀጉር ዘንግ ላይ ያጣብቃል። ሌላው የልብስ ቅማል ነው። ይህኛው የሚኖረውና ቅጫሙን የሚጥለው በልብስ ስፌት እጥፋት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ሰውነት የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው።

ሠራዊትን ያጠፉት ትላልቅ ወረርሽኞች ተላላፊ የሆኑት በዋነኛነት በዚህ በልብስ ቅማል አማካይነት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ቻርልስ ኒኮል ተስቦ በልብስ ቅማል እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ አረጋገጡ፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ሰርቢያ ውስጥ የተነሣው የተስቦ ወረርሽኝ ከ150,000 በላይ ሰው እንደ ገደለ ይነገራል። የምሽግ ትኩሳት የተባለውና ባርቶኔላ ኩዊንታና በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1915 በምዕራብ ግንባር የተገለጸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ቅማል እንደሚያስተላልፈው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1812 ከሩሲያ ሲያፈገፍግ ያለቀው የናፖሊዮን ሠራዊት አጽም በሊቱዌኒያ ከተማ በቪልኒየስ ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት በወታደሮቹ ጥርስ ውስጥ የምሽግ ትኩሳትና የተስቦ ተሕዋስያን ዘረመል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚያው መቃብር በተወሰዱ ሌሎች ጥርሶች ውስጥ የፓራታይፎይድና የግርሻ ተሕዋስያንን አግኝቷል።

ሪላፕሲንግ ፊቨር ወይም ግርሻ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለው ተሕዋስ የሚያስከትለው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሳይጠፋ ከቆዩት በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ በተለይ ብርዱና ዝናቡ ሰዎችን በሚያስጠጋበት በክረምት ወራት ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ በካምፖች ተጨናንቀው በተያዙ የቀድሞ ሠራዊት አባላት መካከል የተነሣው ወረርሽኝ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በሽታው በመታየቱ፣ ለብዙ ዘመን ረስተውት የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች እንደገና ሊማሩት ተገድደዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምልምሉን ላጭቶ ልብሱን ሳይቀቅል የተወ ጣቢያ የራስ ቅማልን ቀንሷል፤ ተስቦንና ግርሻን ግን አልተከላከለም። የልብስ ቅማል ከሰው ተለይቶ ከአንድ ሳምንት በላይ ብዙም አይቆይም፤ ቅጫሙ ግን ከዚያ በኋላም ሊፈለፈል ይችላል። ስለሆነም ዋናው መከላከያ ልብስና አንሶላን ቢያንስ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ውኃ ማጠብ ወይም መቀቀል፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ፣ መቀየሪያ ልብስ ማግኘትና ገላን መታጠብ ነው። የግርሻ ተሕዋስ ወደ ሰው የሚገባው በዋነኛነት ቅማሉ በጣት ተጨፍልቆ ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ሲያልፍ በመሆኑ፣ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ አደገኛ መሆኑን ለምልምሎች ማስረዳት ይገባል።

ይህ ሲባል ግን የራስ ፀጉርን ጉዳይ ፈጽሞ መተው አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የራስ ቅማሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የባርቶኔላ ኩዊንታናም የቦሬሊያ ሪከረንቲስም ዘረመል ተገኝቷል። የራስ ቅማል በሽታውን ወደ ሰው ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በዚህ ብቻ አይረጋገጥም። ቢሆንም ባለሙያው ልብሱን መርምሮ ፀጉሩን እንዳይዘነጋ ያሳስባል።

ምላጩና ማሽኑ የሚያመጡት አደጋ

ፀጉር መከርከም ራሱ ከጉዳት ነጻ አይደለም። በአንድ ማሽን በአንድ ጠዋት መቶ ራስ ሲከረከም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የፈንገስ በሽታ ነው። ቆረቆርና ጭርት ባልጸዳ ማሽን፣ ማበጠሪያና ፎጣ ይተላለፋሉ። ሁለተኛው በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሕይወት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ እስከ ቆዳ ተጠግቶ ሲከረክም ለዓይን የማይታይ መድማት እንደሚያስከትል በደቡብ አፍሪካ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው በሚላጩ ወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሄፓታይተስ ቢ በስፋት በሚገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለ ኤች.አይ.ቪ.ም ጥንቃቄው እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው የቆዳ ጉዳት ነው። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ጢሙን እስከ ሥሩ ሲላጭ፣ የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና እብጠት፣ መግልና ጠባሳ ያስከትላል። ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ የሚባለው ይህ ሁኔታ ጢማቸውን ከሚላጩ ጥቁር ወንዶች መካከል በተለያዩ ግምቶች ከ45 እስከ 83 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል። በማጅራት ላይ ደግሞ አክኔ ኬሎይዳሊስ የሚባል ጠጣር እብጠትና ኬሎይድ የመሰለ ጠባሳ ይወጣል፤ ይህም አዘውትሮ እስከ ቆዳ ከመከርከም ጋር ይያያዛል። ሁለቱንም የሚያባብሳቸው መላጨቱ ስለሆነ፣ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ ምልምሉን ወደዚያው ምላጭ መመለስ ሕክምና አይባልም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ጦር ልምድ ትምህርት ሰጪ ነው። የዚያ አገር ሐኪሞች ለእንደዚህ ዓይነት ታካሚ ከመላጨት ነጻ የሚያደርግ የሕክምና ማስረጃ ሲሰጡ ኖረዋል። የአየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ማስረጃው ለ5 ዓመት እንዲያገለግል ፈቀደ። ምድር ጦሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ደንቡን አጥብቆ፣ በ24 ወራት ውስጥ ከ12 ወራት በላይ ፈቃድ የተሰጠው ወታደር ከሠራዊቱ ሊሰናበት እንደሚችል ደነገገ። ችግሩ በአብዛኛው የሚያገኘው ጥቁር ወታደሮችን በመሆኑ፣ በሕክምና ወረቀት ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር የአንድን ሰው እንጀራ የሚወስን ሆኗል። የሃይማኖት ጉዳይም በተመሳሳይ መንገድ የተነሣ ሲሆን፣ የሲክ እምነት ተከታዮች ጥምጣማቸውንና ጢማቸውን እንደያዙ እንዲያገለግሉ ምድር ጦሩ እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩን አቅልሎ ነበር።

መከርከም እንደ መግቢያ ሥርዓት

የንጽሕናው ምክንያት ግማሽ ብቻ ከሆነ፣ ልማዱ ጸንቶ የኖረው ስለምን ነው? ሶሲዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት አሳይለምስ በተባለ መጽሐፋቸው የጦር ሰፈርን፣ እስር ቤትንና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልን በአንድ መደብ አስቀምጠዋል። በነዚህ ተቋማት የገባ ሰው ልብሱን ያስረክባል፣ ይመዘናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል። በዚህም የቀድሞ ማንነቱ ተገፍፎ ለተቋሙ የሚመች አዲስ ሰው እንዲሆን ይደረጋል።

በውትድርና ውስጥ ይህ ሥርዓት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የሀብታሙንና የድሃውን፣ የከተማውንና የገጠሩን ልጅ እኩል ያደርጋል፤ ሁሉም አንድ መልክ ይዘው ሲቆሙ የጓድነት ስሜት ይፈጠራል። በሌላ በኩል ፀጉር የማንነት ክፍል ስለሆነ መላጨቱ እንደ መዋረድ ሊሰማ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ፈቃደኛነት ነው። ወዶ የዘመተ ሰው መከርከሙን እንደ ማዕረግ ይቀበለዋል፤ በግድ የተያዘ ግን እንደ ቅጣት ያየዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው የተለየ ምልምል ሲያጋጥም ይህን የማንነት መናጋት ማስታወስ ይጠቅማል።

ሴት ምልምሎች ለምን አይላጩም?

መልሱ ከጤና ይልቅ በባህል ውስጥ ይገኛል። በብዙ ኅብረተሰብ የሴት ራስ መላጨት የሐዘን ወይም የውርደት ምልክት ነው። በአገራችን ባል ወይም ልጅ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጭ እንደነበር እናውቃለን። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1944 ከጀርመኖች ወረራ ነጻ ሲወጡ፣ ከጠላት ጋር ተወዳጅተዋል የተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በአደባባይ ተላጭተዋል። ስለዚህ ለወንዱ የመግቢያ ሥርዓት የሆነው ነገር ለሴቷ የቅጣት ትርጉም ሊይዝ ይችል ነበር።

በተጨማሪም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 ሴቶችን በብዛት ወደ ጦሩ ስታስገባ፣ የሠራዊቱ አዛዦች ኅብረተሰቡ ሴት ወታደሮችን ሴትነታቸውን እንደጣሉ አድርጎ እንዳያይ ይሠጉ ነበር። ደንቡም ሴቷ ሥርዓታማ ወታደር እንድትሆን፣ ግን ሴት እንድትመስል የሚፈልግ ሆኖ ወጣ። የዚህ ሐሳብ ርዝራዥ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በምድር ጦሩ ሴት ወታደር ፀጉሯን ከሩብ ኢንች በታች እንዳታሳጥር የሚከለክለው ደንብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ወንዱ ማስረዘም፣ ሴቷ ደግሞ ማሳጠር የተከለከሉበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ በፍርድ ቤትም ታይቷል። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1971 ፀጉረ ረጅም ወታደሮች በመረብ ሸፍነው እንዲያገለግሉ ተፈቅዶ፣ በዓመቱ ተሽሯል። የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ሴቶች ረጅም ፀጉር ሲፈቀድላቸው ወንዶች መከልከላቸው ሕግ አይጥስም ሲል ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ይኸው ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው የግል መብት ገደብ በመመሪያ ብቻ ሳይሆን በቂ በሆነ ሕግ መደገፍ እንዳለበት አሳስቧል።

የተጠቀለለ ፀጉር የሚያስከትለው ጉዳት

ሴቶች ከምላጩ ቢድኑም ከጉዳት አልዳኑም። ፀጉርን በየዕለቱ ወደኋላ ስቦ አጥብቆ መጠቅለል ትራክሽን አሎፔሺያ የሚባለውን የፀጉር መመለጥ ያስከትላል። በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ፀጉሩ ይሳሳል፤ በሥሩም ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ። በጊዜ ከተደረሰበትና መሳቡ ከቆመ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይዞ መመለጡ ዘላቂ ይሆናል። ጥብቅ ሹሩባም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ይህ ምክር ከማሠልጠኛ ውጪ ላሉ ታካሚዎቻችንም የሚጠቅም ነው።

ሁለተኛው ራስ ምታት ነው። ፀጉር በመሳቡ የሚመጣ ራስ ምታት በዓለም አቀፉ የራስ ምታት አመዳደብ ውስጥ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ ፀጉሩ ሲፈታ ይተዋል። ሦስተኛው የራስ ቁር ጉዳይ ነው። በማጅራት ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ቁሩን ወደፊት ስለሚገፋው፣ ወታደሯ በደረቷ ተኝታ ስታነጣጥር ዓይኗን ይጋርዳል፤ ቁሩም በሚገባ ስለማይገጥም ጥበቃው ይቀንሳል።

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ሴቶች ፀጉራቸውን በአንድ ወይም በሁለት ሹሩባ ወይም በአንድ እስር ወደኋላ እንዲለቁ ሲፈቅድ፣ በምክንያትነት የጠቀሰው የፀጉር መጎዳትን፣ ማይግሬንንና የፀጉር መመለጥን ነው። ምድር ጦሩም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የምድር ጦር ደንብ የጥቁር ሴቶችን የተፈጥሮ ፀጉር አሠራር የሚከለክል ሆኖ በመገኘቱ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ በዚያው ዓመት እንዲሻሻል ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2017 ድሬድሎክ ተፈቅዷል። በዚያ አገር ለሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያት ተወላጆችም ሹሩባ ሊሠሩ መቻላቸው የዚህ ለውጥ ውጤት ነው። ለውጡን ያመጡት ሴቶቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ክርክራቸውን ያጠነከረላቸው ግን የሕክምና ማስረጃ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከፀጉር ባሻገር፤ የሥልጠና ጉዳትና ፆታ

የፀጉሩ ልዩነት ለዓይን ይታያል። ለጤና ይበልጥ የሚከብደው ግን የማይታየው፣ በአጥንትና በጡንቻ ላይ የሚደርሰው ልዩነት ነው። በአሜሪካ ምድር ጦር መሠረታዊ ሥልጠና ሴት ምልምሎች የሚደርስባቸው ጉዳት ከወንዶቹ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስትረስ ፍራክቸር የሚባለው፣ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ደግሞ በሴቶች ላይ ከዚህም በበለጠ ይታያል። ቅልጥም፣ የእግር መዳፍ አጥንትና ዳሌ በብዛት የሚጠቁ ናቸው።

ይህ የፆታ ዕጣ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠቃሚ መልስ ይሰጣል። ሴቶቹ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ቢጎዱም፣ ሲገቡ የነበራቸው የአካል ብቃት ደረጃ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። በሌላ አነጋገር፣ እኩል ብቃት ይዘው የገቡ ወንድና ሴት የተቀራረበ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መዘጋጀትና ጫናን ቀስ በቀስ መጨመር ብዙ ጉዳት ሊያስቀር ይችላል።

እኩልነትን በጭፍን መተርጎም ደግሞ ምን እንደሚያስከትል የእንግሊዝ ጦር ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወንድና ሴት በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ በአንድ ዓይነት ሸክምና ፍጥነት እንዲሠለጥኑ ሲደረግ፣ ከመጠን በላይ በሆነ ጫና ጉዳት የተነሣ በሕክምና ምክንያት የሚሰናበቱት ሴቶች ከ4.6 በመቶ ወደ 11.1 በመቶ አሻቀቡ። የወንዶቹ ከ1.5 በመቶ በታች እንደሆነ ቆየ። እኩል ሸክም ለቀላል ሰውነት እኩል አይደለም፤ የሰውነትን ክብደት ግማሽ መሸከምና ሲሶውን መሸከም አንድ አይሆንምና።

በአንጻሩ የአውስትራሊያ ጦር መፍትሔው ውድ እንዳልሆነ አሳይቷል። አጭር ሴት ከረጅም ወንድ ጋር በሰልፍ ስትሄድ እርምጃዋን ከተፈጥሮዋ በላይ ታስረዝማለች፤ ይህም የዳሌን አጥንት ያሰነጥቃል። ጦሩ የጉዞውን ፍጥነት ከሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ኪሎ ሜትር ቀነሰ፤ እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ልክ እንዲሄድ ፈቀደ፤ ሩጫውንም ለስላሳ በሆነ መሬት ላይ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደተዘገበው በሴት ምልምሎች ላይ ይታይ የነበረው የዳሌ ስትረስ ፍራክቸር ከ11.2 በመቶ ወደ 0.6 በመቶ ወረደ። ለዚህ የተገዛ መድኃኒትም ሆነ መሣሪያ የለም።

የምግብም ድርሻ አለ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ምልምሎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በቀን 2,000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ስትረስ ፍራክቸራቸው በ20 በመቶ እንዳነሰ አሳይቷል። የብረት እጥረት በሥልጠናው ጊዜ ይባባሳል፤ የወር አበባ ደም ሲጨመርበትም ወደ ደም ማነስ ያደርሳል። በቂ ምግብ ሳይበሉ ብዙ ጉልበት ማውጣት የወር አበባን ያቋርጣል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ስለዚህ በሥልጠና ላይ ያለች ሴት የወር አበባዋ ሲቀር ነገሩን "ድካም ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም። በመጀመሪያ እርግዝና መኖር አለመኖሩ መጣራት፣ ቀጥሎም የአመጋገቧና የአጥንቷ ሁኔታ መታየት አለበት።

ለጤና ባለሙያው የሚሰጡ ምክሮች

ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ማሠልጠኛ፣ ማረሚያ ቤት ወይም ካምፕ የሚሠራ ባለሙያ የሚከተሉትን ቢያስታውስ ይጠቅማል።

ሀ) አዲስ ገቢ ሲመረመር የፀጉሩን ያህል የልብሱ ስፌት ይታይ። ቅማል ከተገኘ ልብሱና አንሶላው ይቀቀል፤ አብረውት የሚያድሩትም አብረው ይታዩ።

ለ) በክረምት በድንገት ብርድ ብርድ ያለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ታካሚ ለወባ ደሙ ሲመረመር የግርሻ ተሕዋስም ይፈለግ። ሕክምናው በአገሪቱ መመሪያ መሠረት ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የትኩሳት መጨመርና የደም ግፊት መውረድ ሊከሰት ስለሚችል፣ ታካሚው ክትትል ሳይደረግለት ወደ ሰፈሩ አይመለስ።

ሐ) ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ይዋል። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ከፀጉር ጸድቶ በተገቢው ፀረ ተሕዋስ ይታከም፤ ደም የነካው ጥርስ ተፈትቶ በሚገባ እስኪጸዳ ድረስ አይሠራበት። ከቆዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርቶ መከርከም ንጽሕናውን ሳያጓድል መድማትንና ኬሎይድን ይቀንሳል።

መ) በጢም ወይም በማጅራት ላይ እብጠት ያለበት ሰው መላጨቱን እንዲያቆም የሚያስችል ማስረጃ ይሰጠው።

ሠ) ሴቶች ፀጉራቸውን አላልተው እንዲይዙ፣ አያያዙን እንዲለዋውጡ፣ ማታ እንዲፈቱትና ታጥበው ሳይደርቅ እንዳይጠቀልሉት ይመከሩ።

ረ) ሲራመዱ የሚብስና ሲያርፉ የሚሻል የአጥንት ሕመም፣ በተለይ በዳሌና በብሽሽት፣ ኤክስ ሬይ ምንም ባያሳይም ስትረስ ፍራክቸር እስኪባል ድረስ ይጠርጠር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤክስ ሬይ ስንጥቁን ላያሳይ ይችላል። "ሰነፍ ነች" ተብላ ወደ ሰልፍ የተመለሰች ምልምል ስንጥቋ ወደ ሙሉ ስብራት ሊለወጥባት ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው በምልምሎች ሥልጠና ውስጥ ሦስት ዓይነት ልማድ ተደባልቆ ይገኛል። አንዱ በሽታን የሚከላከል ነው፤ ሁለተኛው ጓድነትንና ሥነ ሥርዓትን የሚያጸና ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ትናንት ስለነበረ ብቻ ዛሬም ያለ ነው። ሦስቱም በአዛዡ አንደበት አንድ ትእዛዝ ሆነው ይነገራሉ። እነሱን መለየት የሚችለው የሰውን አካል የሚያውቀው ባለሙያ ነው።

ወንዱን በመላጨት ብቻ ተስቦ አይጠፋም፤ ሴቷን ባለመላጨትም ደኅንነቷ አይጠበቅም። የሁለቱም ጤና የሚጠበቀው ልብሳቸው ሲቀቀል፣ ምላጫቸው ሲለይ፣ እርምጃቸው በቁመታቸው ልክ ሲሆንና ሕመማቸው ሲሰማ ነው። የአውስትራሊያው ምሳሌ እንዳሳየን፣ አንዳንድ ጊዜ የጤና ባለሙያው ለአዛዡ የሚጽፋት "ሰልፉ ቀስ ይበል" የምትል አጭር ማስታወሻ ብዙ ወጣቶችን ከአካል ጉዳት ታድናለች። ያችን ማስታወሻ በጊዜው መጻፍና በአቋም መጽናት የሙያው ግዴታ ነው።